አብሪ ፀረ አካላትና የብርሃናቸው ምስክር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በአራዳ የቀረበ ንግግር)




ይህ ጉባኤ የተሰበሰበበት ሰፈር በሁለት ነገር ስመ ጥር ሆኖ ኖሯል። አንደኛው ገበያው ነው። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በአራዳ ይቆም ነበር፤ ጣሊያን ከተማዪቱን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ሰፈሩ ፒያሳ ተባለ፣ ገበያውም ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ ተዛወረ። ሁለተኛው የወርቅ ቤቶቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት ቀለበት ወይም ሐብል የፈለገ ሰው ወደ ፒያሳ መውጣቱ ልማድ ሆነ። ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ፈርሰዋል፤ የወርቅ ሠሪው ሙያ የሚሰጠው ትምህርት ግን ከግድግዳው ጋር የሚፈርስ አይደለም።

ወርቅ ሠሪ የቀረበለትን ጌጥ በማብራቱ ብቻ አይገምተውም፤ ናስም ሲወለወል ያበራልና። ጌጡን በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ያሸዋል፤ ከጎኑም ካራቱ አስቀድሞ የታወቀ ወርቅ ያሸዋል፤ በሁለቱም መስመሮች ላይ አሲድ ጠብ አድርጎ የትኛው እንደደበዘዘ፣ የትኛውም እንደጸና ይመለከታል። ፍርዱ የሚመነጨው ከንጽጽሩ ነው። «አራዳ» የሚለው ቃል ራሱ ከቦታ ስምነት አልፎ በቀላሉ የማይታለል ሰው መጠሪያ ሆኗል።

የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ሌላ ዐይነት ብርሃን ነው። ይኸውም የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚለዋወጡዋቸውን የመልእክት ፕሮቲኖች ለማየት በምርምር ላቦራቶሪ የሚሠራባቸው አብሪ ፀረ አካላት የሚሰጡት ብርሃን ነው። ይህም ብርሃን እንደ ጌጡ ሁሉ ከጎኑ የታወቀ ነገር ካልተሰመረለት በቀር ምስክርነቱ አይጸናም።

መልእክተኞቹ

ነጭ የደም ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ሳይቶካይን በሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። አንዱ ሕዋስ ፕሮቲኑን ይለቃል፤ ሌላው በገጹ ላይ ባለው መቀበያ ይቀበለዋል፤ የተቀበለውም እንደ መልእክቱ ዐይነት ይባዛል፣ ይነሣሣል ወይም ይረጋጋል። ከእነዚህ መልእክተኞች ቀደም ብሎ የታወቀው ኢንተርፌሮን ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1957 አይዛክስና ሊንደንማን በለንደን ባደረጉት ምርምር ነው። በኋላ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው ፕሮቲን ማክሮፌጅ የሚባሉትን ዋጭ ሕዋሳት ቀስቅሶ የዋጡትን የሳንባ ነቀርሳ ባሲል እንዲገድሉ የሚያዝ መሆኑ ተረጋገጠ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሞስማንና ኮፍማን ከባልደረቦቻቸው ጋር የአይጥ ረዳት ቲ ሕዋሳትን መርምረው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ የሚመስሉት ሕዋሳት በሚያመነጩት ሳይቶካይን በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ አሳዩ። አንደኛው ወገን ኢንተርፌሮን ጋማን፣ ሌላው ኢንተርሊውኪን 4ን ያመነጫል። ከዚያ ወዲህ «ይህ ሕዋስ ምን ይመስላል?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ይህ ሕዋስ ምን ይናገራል?» የሚለው ከበደ። የሳንባ ነቀርሳ፣ የሥጋ ደዌ፣ ካላዛር፣ የአንጀት ትላትልና ኤች አይ ቪ በአንድ ሕዝብ ላይ በተደራረቡበት አገር ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አንዱ ታሞ ሌላው ሳይታመም የሚቀርበት ምክንያት ከፊሉ በእነዚህ መልእክቶች ውስጥ ይገኛልና።

ብርሃኑ ከየት መጣ?

ፀረ አካል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁሉም አንቲቦዲ እያለ የሚጠራው፣ አንድን የተወሰነ ቅርጽ ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። አልበርት ኩንስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ፀረ አካሉ የሚፈልገውን ነገር የሚያገኝ ከሆነ፣ በላዩ አብሪ ቀለም ቢለጠፍበት የተፈለገው ነገር ያለበትን ሥፍራ ብርሃኑ ይጠቁማል። ኩንስና ባልደረቦቹ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተሙ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የተሞከረው ቀለም ሰማያዊ የሚያበራ ነበር። ይሁን እንጂ የሰውነት ሥጋ ራሱ፣ ምንም ሳይቀባ፣ በተፈጥሮው ሰማያዊ ያበራል፤ ስለዚህ የፀረ አካሉን ብርሃን ከሥጋው ብርሃን መለየት አስቸገረ። አረንጓዴ ወደሚያበራው ፍሎረሲን የተዞረው በዚህ ምክንያት ነው። የሐሰተኛ ብርሃን ችግር ከዘዴው ጋር አብሮ ተወልዷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ታላላቅ ርምጃዎች ተከተሉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሌናርድ ኸርዘንበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሕዋሳትን በቀጭን የፈሳሽ ጅረት አንድ በአንድ እያሳለፈ ብርሃናቸውን የሚለካና የሚለይ መሣሪያ ሠሩ፤ ዛሬ ፍሎ ሳይቶሜትር የሚባለው የመሣሪያ ዘር ከዚያ ሥራ ብዙ ወርሷል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮህለርና ሚልሽታይን በካምብሪጅ አንድ ዐይነት ፀረ አካል ያለማቋረጥ የሚያመነጭ ሕዋስ ለመሥራት ቻሉ፤ በ1984ም የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከዚህ የተነሣ ንጹሕና አንድ ወጥ ፀረ አካል በጠርሙስ ተሞልቶ በየላቦራቶሪው ደጃፍ የሚደርስ ሸቀጥ ሆነ።

በሕዋስ ውስጥ ያለውን መልእክት ማንበብ

በሕዋስ ገጽ ላይ ያለን ምልክት ማብራት ቀላል ነው፤ ፀረ አካሉ ከውጭ መጥቶ ይለጠፋል። ሳይቶካይን ግን አስቸጋሪ ነው። ሕዋሱ የሚሠራው በውስጡ ነው፤ ሠርቶም ወዲያው ወደ ውጭ ይለቀዋል። በተለቀቀ ጊዜ ደግሞ የትኛው ሕዋስ እንደለቀቀው ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው ዘዴ አራት ደረጃዎች አሉት።

በመጀመሪያ ሕዋሳቱ በባሲሉ ፕሮቲን ወይም በሌላ ቀስቃሽ ይነሣሣሉ። ቀጥሎም ብሬፌልዲን ኤ የሚባል ንጥረ ነገር ይጨመራል፤ ይህም ፕሮቲኑ ከተሠራበት ክፍል ወደ መውጫው የሚሄድበትን መንገድ ስለሚዘጋ መልእክቱ በላኪው ሆድ ውስጥ ይከማቻል። በሦስተኛ ደረጃ ሕዋሳቱ በፓራፎርማልዲሃይድ ይደርቃሉ፤ ባሉበትም ይጸናሉ። በመጨረሻ የሕዋሱ ሽፋን በሳፖኒን ይበሳና አብሪው ፀረ አካል ወደ ውስጥ ይገባል።

ስለ ሳፖኒን አንድ ቃል ማለት ይገባል፤ ለኢትዮጵያዊ ባለሙያ እንግዳ አይደለምና። ሳፖኒን የእፅዋት ሳሙና ነው። የእንዶድን ፍሬ ልብስ ማጠቢያ ያደረገው ይኸው ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለመግደል እንደሚጠቅም የደረሱበትም በዚሁ ኃይሉ ነው። ላቦራቶሪ የሚገባው ሳፖኒን አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ቢሆንም ጠባዩ ያው ነው፤ ቅባት ያለበትን ሽፋን ይበሳል። የሚከፍተው በር ግን ጊዜያዊ ነው። ሳፖኒኑ ታጥቦ ሲወጣ በሩ ስለሚዘጋ፣ ፀረ አካሉ በሚጨመርበትና ትርፉ በሚታጠብበት ፈሳሽ ሁሉ ውስጥ ሳፖኒን መኖር አለበት። ይህን የዘነጋ ባለሙያ ትርፉን ፀረ አካል በሕዋሱ ውስጥ ዘግቶበት ይቀርና ያልነበረ መልእክት ያነባል።

የሐሰተኛ ብርሃን መንገዶች

ብርሃን ከአምስት መንገድ በሐሰት ሊመጣ ይችላል። ሕዋሱ በተፈጥሮው የሚሰጠው ብርሃን አንደኛው ነው። ሁለተኛው የሞተ ሕዋስ ነው፤ የሞተ ሕዋስ የቀረበለትን ፀረ አካል ሁሉ ያለ ምርጫ ይመጣል፤ ደም ሳይሠራበት በቆየ ቁጥርም የሞቱት ይበዛሉ። ሦስተኛው ፀረ አካሉ በጅራቱ በኩል መያዙ ነው፤ አንዳንድ ነጭ ሕዋሳት የፀረ አካልን ጅራት የሚይዝ መቀበያ ስላላቸው ምንም ሳይቶካይን ሳይኖር ያበራሉ። አራተኛው የቀለማት መደራረብ ነው። በ488 ናኖሜትር ጨረር ፍሎረሲን አረንጓዴ፣ ፋይኮኤሪትሪን ብርቱካናማ ያበራል፤ ነገር ግን የፍሎረሲን ብርሃን ከፊሉ ወደ ብርቱካናማው መለኪያ ይፈስሳል፤ በስሌት ካልተቀነሰ አንዱ ፕሮቲን ሁለት መስሎ ይታያል። አምስተኛው የመጠን ብዛት ነው፤ ፀረ አካል ከሚገባው በላይ ሲጨመር የሚፈልገውን ካገኘ በኋላ ትርፉ በማይፈልገው ላይ ይለጠፋል።

ከሐሰተኛ ብርሃን ሌላ ሐሰተኛ ጨለማም አለ። ለሲዲ4 ቆጠራ ደም የሚቀዳበት ሐምራዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ ኢዲቲኤ አለበት፤ ኢዲቲኤ ደግሞ ካልሲየምን ይይዛል። ሕዋስ ያለ ካልሲየም ሊነሣሣ ስለማይችል በዚህ ብልቃጥ የተቀዳ ደም ለሳይቶካይን ምርመራ ቢላክ ሕዋሳቱ ዝም ይላሉ፤ ተመራማሪውም የታካሚው መከላከያ ደክሟል ብሎ ይጽፋል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው አረንጓዴ ክዳን ያለው የሄፓሪን ብልቃጥ ነው። ከአራዳ የተቀዳ ደም መሣሪያው ወዳለበት፣ ወደ ጉለሌም ሆነ ወደ ዘነበወርቅ፣ ከተማዪቱን አቋርጦ ሲሄድ የብልቃጡ ክዳን ቀለምና ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ከታካሚው ቁጥር ጋር መመዝገብ አለባቸው።

ከቀስቃሾቹ መካከል ፒኤምኤ የሚባለው ኃይለኛ ንጥረ ነገርም የራሱ ተንኮል አለው። ሕዋሱን በብርቱ ቢያነሣሣም በገጹ ላይ ያለውን የሲዲ4 ምልክት ስለሚያሳንሰው፣ ሲዲ4 ሕዋሳትን የሚፈልግ ባለሙያ የሚፈልጋቸው ከፊቱ ቆመው ያጣቸዋል።

የቁጥሩ ፈተና

ለአንድ የባሲል ፕሮቲን መልስ የሚሰጡት ሕዋሳት ብዙ ጊዜ ከሺህ አንድ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። በዚህ መጠን ላይ ትንሽ ሐሰት ትልቅ ናት። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሙያ 10,000 ሕዋሳት ቆጥሮ በተነሣሣው ብልቃጥ 12 የሚያበሩ ቢያገኝ፣ ውጤቱን «12» ብሎ ለመጻፍ ይፈተናል። ያልተነሣሣው ብልቃጥ 9 ካሳየ ግን ልዩነቱ 3 ብቻ ነው። ጥቂት ነገር ሲቆጠር የሚኖረው የአጋጣሚ መዋዠቅ ከቁጥሩ ካሬ ሥር ጋር ስለሚቀራረብ፣ የ12 መዋዠቅ ብቻውን ከ3 ይበልጣል። ስለዚህ ተገኘ የተባለው መልስ ከአጋጣሚ አይለይም። ያው ደም 200,000 ሕዋስ ተቆጥሮ 240 እና 180 ቢሰጥ ግን ልዩነቱ 60፣ የሁለቱ መዋዠቅ በአንድነት 20 ያህል ይሆናል፤ ያን ጊዜ መልሱ ሊታመን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ መቶኛው አንድ ነው፤ የአንደኛው ክብደት ግን ከሌላው ጋር አይተካከልም።

ከዚህ የተነሣ ከብርሃኑ ጎን የሚቆሙት ምስክሮች የታወቁ ናቸው። ያልተነሣሣው ብልቃጥ ሕዋሱ ሳይጠየቅ የሚናገረውን ያሳያል። ከሳይቶካይኑ ፀረ አካል በቀር ሌሎቹ ቀለማት ሁሉ የገቡበት ብልቃጥ የመደራረቡን ወሰን ይነግራል። በኃይለኛ ቀስቃሽ የተነሣሣው ብልቃጥ ሕዋሳቱ በሕይወት እንዳሉና ዘዴው እንደሠራ ይመሰክራል። ከሁሉም በላይ ጥብቅ የሆነው የማጥፋት ፈተና ነው፤ ቀለም በሌለው ያው ፀረ አካል ሥፍራው አስቀድሞ ሲያዝ፣ ወይም አብሪው ፀረ አካል አስቀድሞ በንጹሕ ሳይቶካይን ሲጠግብ፣ እውነተኛው ብርሃን መጥፋት አለበት። በሚገባው ጊዜ የማይጠፋ ብርሃን ከመጀመሪያውም ሐሰተኛ ነበር።

አርባ ብልቃጥ

እዚህ ላይ የላቦራቶሪው እውነተኛ ችግር ይመጣል። ፀረ አካል ከውጭ የሚገዛ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ተጠብቆ መምጣት ያለበት ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ይሞቃል፤ በስሕተት ከበረዶ ክፍል ቢገባም እንደ ፋይኮኤሪትሪን ያለው ቀለም ይበላሻል። አንድ ባለሙያ በእጁ ለ40 ብልቃጥ ብቻ የሚበቃ ፀረ አካል ቢኖረው፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ብልቃጥ ሰጥቶ 40 ታካሚ መመርመር ወይስ ምስክሮቹን ሁሉ አቁሞ ጥቂት መመርመር እንዳለበት ይጨነቃል። የጥናቱ ባለቤት 40 ይፈልጋል፤ ሪፖርቱም 40 ይጠብቃል። ምስክሮቹ እንደ ብክነት የሚታዩት በዚህ ሰዓት ነው።

ነገሩ በጥሞና ሲታይ ግን ጭንቀቱ እንደሚመስለው አይደለም። በመጀመሪያ፣ ሌሎች ቀለማት ሁሉ ገብተው የሳይቶካይኑ ፀረ አካል የሚቀርበት ብልቃጥ ከዚያ ውድ ፀረ አካል አንዲት ጠብታ እንኳ አይፈጅም። በሁለተኛ ደረጃ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ባለሙያው ሙሉውን መጠን፣ ግማሹን፣ ሩቡን፣ ስምንተኛውን በቅደም ተከተል ቢፈትን ጠቅላላ ወጪው ከሁለት ሙሉ መጠን አያልፍም። ግማሹ መጠን እውነተኛውን ብርሃን ሳይቀንስ ሐሰተኛውን የሚቀንስ ሆኖ ከተገኘ የቀሩት 38 መጠኖች 76 ብልቃጥ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ታካሚ ሁለት ብልቃጥ፣ የተነሣሣና ያልተነሣሣ፣ ቢመደብ 32 ታካሚ 64 ብልቃጥ ይወስዳል፤ 12 ደግሞ ለየዕለቱ የኃይለኛ ቀስቃሽ ምስክር ይተርፋሉ። ሊታመኑ በማይችሉ አርባ ውጤቶች ፈንታ የሚታመኑ ሠላሳ ሁለት ተገኙ ማለት ነው። ፈተናው የፈጀ የመሰለውን ያህል መልሶ ከፈለ።

የደሙ ባለቤትም መዘንጋት የለበትም። ለምርምር ክንዱን የዘረጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ የሚያገኘው መድኃኒት የለም፤ ደሙን የሚሰጠው ሌላ ሰው ይጠቀምበታል ብሎ ነው። ምስክር በጎደለው ብልቃጥ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሊመለስ አይችልም፤ የተሰጠውም አደራ ሳይፈጸም ይቀራል።

ጤነኛ ማለት ማን ነው?

ከምስክሮች ሁሉ በገንዘብ የማይገዛ አንድ አለ፤ እርሱም የጤነኛው ሰው ደም ነው። በዚህ ረገድ በአዲስ አበባ የተሠራ ሥራ ለዓለምም ትምህርት ሆኗል።

ከፒያሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲኬድ፣ በጉለሌ፣ ከቀድሞው የፓስተር ተቋም የተነሣ ሰፈሩ ዛሬም ፓስተር ይባላል። በዚያ በነበረው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በኋላ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ይሠራ ነበር። ተመራማሪዎቹ በአቃቂና በወንጂ የሚገኙ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተሉ መጀመሪያ የጠየቁት ቫይረሱ የሌለበት ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ስንት ሲዲ4 ሕዋሳት አሉት የሚለውን ነበር።

አስቴር ፀጋዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ቫይረሱ የሌለባቸው 142 ኢትዮጵያውያን ከ1,356 የኔዘርላንድ ደም ለጋሾች ጋር ተነጻጸሩ። የኢትዮጵያውያኑ አማካይ ሲዲ4 በማይክሮሊትር 775፣ የኔዘርላንዳውያኑ 993 ሆኖ ተገኘ። ሲዲ8 በተቃራኒው በኢትዮጵያውያኑ 747፣ በኔዘርላንዳውያኑ 506 ነበር። በዚያው ዓመት ፀሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት በጤነኞቹ ኢትዮጵያውያን ገና ያልተፈተኑ ቲ ሕዋሳት አነስተኛ፣ የተነሣሡት ደግሞ ብዙ መሆናቸው ታየ። ወደ እስራኤል ስለ ሄዱ ኢትዮጵያውያን የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ሁኔታ አሳይተው፣ የመከላከያ ሕዋሳቱን መነሣሣት ከአንጀት ትላትል ጋር አያይዘውታል።

የነገሩ ክብደት ግልጽ ነው። የኔዘርላንዱ ቁጥር የጤና ሚዛን ሆኖ ቢወሰድ ኖሮ ከአቃቂ የመጣው ጤነኛ ሠራተኛ እንደ በሽተኛ በታየ ነበር። ነጻ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ ከተጀመረ በኋላም ለብዙ ዓመታት መድኃኒቱን ማን እንደሚጀምር ለመወሰን የሲዲ4 ቁጥር ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ያ ቁጥር ደግሞ በአብሪ ፀረ አካል የሚቆጠር ነው። ብርሃኑ ትክክል፣ መሣሪያውም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከጎኑ የተሰመረው መስመር የሌላ አገር ከሆነ ፍርዱ ይዛባል።

በገጽ ምልክት ላይ የታየው ይህ ልዩነት በሳይቶካይን ላይ ሲሆን ይበልጥ ይከብዳል። ሕዋሳቱ አስቀድመው በተነሣሡበት ሕዝብ ውስጥ ያልተነሣሣው ብልቃጥ ራሱ ዝም ላይል ይችላል። ለሌላ አገር ሕዝብ የተወሰነ ወሰን እዚህ ሳይፈተን ቢሠራበት የትላትሉ ንግግር የባሲሉ መልስ መስሎ ሊጻፍ ይችላል።

ፀረ አካሉ የማያውቀው

ፀረ አካል ራሱ ሊለየው የማይችለው ነገርም አለ። ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ለሥጋ ደዌና ለሳንባ ነቀርሳ ምርምር የታወቀ ነው። አበበች ደምሴና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ባሲሉን ተሸክመው ሳይታመሙ የሚኖሩ ሰዎች ኢንተርፌሮን ጋማን ጨምሮ ከፍተኛ የሳይቶካይን መልእክት እንደሚያሳዩ፣ ኢንተርሊውኪን 4 ዴልታ 2 የሚባለውንም በብዛት እንደሚያወጡ ዘገቡ። ይህ ዴልታ 2 የኢንተርሊውኪን 4 አጭር ዘመድ ሲሆን ሥራውን ይቃረናል። ሁለቱ እጅግ ስለሚመሳሰሉ በፀረ አካል መለየታቸው አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ፕሮቲኑን ትቶ ፕሮቲኑ የሚሠራበትን የአር ኤን ኤ ትእዛዝ ለካ። ተመራማሪዎቹ ዘዴውን ከጥያቄው ጋር ማስማማታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ በእጅ ያለው መሣሪያ ሊመልስ የማይችለውን ጥያቄ በዚያው መሣሪያ መጠየቅ ውጤቱን አስቀድሞ ያበላሻልና።

የፀረ አካል አለመታመን የድኻ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች በፈረሙበት ጽሑፍ በዓለም ገበያ ላይ ካሉት ፀረ አካላት ብዙዎቹ የተባለላቸውን እንደማያሟሉ ተገልጾ፣ በዘር ቀመራቸው ተለይተው የሚታወቁ ፀረ አካላት እንዲሠሩ ተጠይቋል። በሀብታም አገር ያለ ላቦራቶሪ መጥፎውን ጠርሙስ ጥሎ ሌላ ያዝዛል፤ ቀጣዩን ጭነት ለወራት የሚጠብቅ ላቦራቶሪ ግን በመጀመሪያው ቀን ካልፈተነ የዓመቱን ሥራ በአንድ ጠርሙስ ሊያጣ ይችላል። መፈተን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ላለው ነው።

ማሳሰቢያ

ክቡራን ባልደረቦች፤

ከተባለው ሁሉ ሦስት ተግባራት ይወጣሉ። አንደኛ፣ የሳይቶካይን ውጤት በሚጻፍበት ሰነድ ሁሉ ያልተነሣሣው ብልቃጥ ቁጥርና የተቆጠሩት ሕዋሳት ጠቅላላ ብዛት አብረው ይጻፉ፤ መቶኛ ብቻውን ምንም አይናገርም። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ፀረ አካል መለያ ስም፣ የምርት ቁጥሩና በዚያው ላቦራቶሪ የተፈተነው መጠን በቋሚ መዝገብ ይግባ፤ ባለሙያው ሥራ ቢለውጥ መዝገቡ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ላቦራቶሪዎች ከጤነኛ ኢትዮጵያውያን ያገኙትን የንጽጽር መጠን በየመሳቢያቸው ቆልፈው ከማስቀመጥ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይለዋወጡ፤ አንዱ የደከመበትን ሌላው እንደ አዲስ እንዳይደክምበት። በአራት ኪሎም ሆነ በሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚሠለጥነው ወጣት መጀመሪያ መማር ያለበት መሣሪያውን ከማብራት በፊት ምስክሩን መጠየቅን ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል አገሬው። የፒያሳው ወርቅ ሠሪ ጌጡን በድንጋዩ ላይ የሚያሸው ባለጌጡን ስለናቀ አይደለም፤ ለገዢውም ለሻጩም እውነቱን ለመስጠት ነው። ላቦራቶሪም በጨለማው ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ብርሃን ሲያይ ከመደሰቱ አስቀድሞ ከጎኑ የታወቀውን መስመር ያሥምር። ያን ጊዜ ደሙን የሰጠው ሰው አደራው ይጠበቅለታል፤ ውጤቱም የትም አገር ቢሄድ ፈተናውን ያልፋል።